የልጆች የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ዕጢ፦ ከባሕር ዳር ሆኖ የቱን ሕክምና፣ የት መምረጥ ይሻላል?

«ዕጢ ነው» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ እንደወጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት እንውሰደው?» ብሎ ነው። አጎት አዲስ አበባ ይላል፣ ጎረቤት ሕንድ ይላል፣ አያት ጠበል ትላለች። ባሕር ዳር ውስጥ በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ክርክር ኮሪደር ላይ ዘወትር እሰማዋለሁ። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። የቦታው ጥያቄ ግን ከፊቱ መቅደም ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉት። ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት አለ ወይ? ዕጢው ያለው የትኛው የአንጎል ክፍል ላይ ነው? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ከዚያ በኋላ እኔ እያንዳንዱን አማራጭ የምለካው ሕክምናው ባለቀ ማግስት ከቤተሰቡ በሚጠይቀው ነገር ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ወይም ከፎገራ ሜዳ ለሚነሣ ሰው፣ ወረቀት ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት ሕክምናዎች እኩል አይደሉም።

ወባ ነው ወይስ ሌላ?

በጣና ዙሪያ ልጅ ራሱን አሞት ካስታወከ ለወባ ይመረመራል። ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው የወባው ውጤት «የለም» ከተባለ በኋላ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ጨጓራ እየተባለ ወራት ሲነጉዱ ነው። ወባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይዞ ይመጣል፣ የአንጀት በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ አያጣም። ከአንጎል ግፊት የሚመጣ ማስታወክ ግን ሁለቱም የሉትም። ሌሊቱን ጋደም ሲባል ግፊቱ ስለሚጨምር ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ይብሳል። ልጁ ካስታወከ በኋላ ቀለል ብሎት ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል፤ በማግስቱ ያው ይደገማል። በዚህ ላይ መንገዳገድ፣ አንገትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ አዲስ የመጣ የዓይን መንሸዋረር ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ከታከለበት፣ የጭንቅላት ምስል እንዲነሣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጨቅላ ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም። እሱ ላይ የምታዩት እርግብግቢቱ ሲወጠር፣ ጭንቅላቱ ከእኩዮቹ ፈጥኖ ሲያድግና ብሌኑ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ነው። የጭንቅላት ዙሪያ የሚለካው በተራ ሜትር ስለሆነ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ክትባት ስትሄዱ አስለኩት።

አንዲት እናት የልጇን ደብተር ይዛ መጥታ ነበር። መስከረም ላይ ፊደሉ መስመሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ኅዳር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጥር ላይ «ሀ» እና «ለ» ከመስመር ወርደው ግማሽ ገጽ ይይዛሉ። ሐኪሙ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ካየ በኋላ ነው ምስል ያዘዘው። እናንተም ደብተር ካለ አምጡ፣ ሲራመድ በስልክ ቅረጹት።

ጠበልና ሕክምናን ምረጡ አልልም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ በይፋ መክረዋል፤ ለዚህም በሽታ የሚያንስ ምክንያት አላይም። እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን ለጠበል ተብለው አይቋረጡ፤ በተለይ ዴክሳሜታሶን ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ሳይደርቅ ውኃ አይንካው። እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው የመጣን ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ሆስፒታል አድርሱት።

ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ?

ሲቲ በደቂቃዎች ያልቃል። የተጠራቀመ ውኃን፣ የፈሰሰ ደምንና ትልቅ ዕጢን ያሳያል። የሚሠራው በራጅ ጨረር ነው። ደካማ ጎኑ በማጅራት በኩል ያለውን ክፍል ሲያነሣ በዙሪያው ያለው ወፍራም አጥንት ምስሉን ማደብዘዙ ነው፤ የልጆች የአንጎል ዕጢ ደግሞ በብዛት የሚበቅለው እዚያው፣ ሚዛን የሚጠብቀው ንዑስ አንጎል አካባቢ ነው። ኤምአርአይ በማግኔት ስለሚሠራ ጨረር የለውም፣ ዕጢውንም አጥርቶ ያሳያል። ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያለመንቀሳቀስ መተኛት ይፈልጋል፤ ትንንሾቹ ማስተኛ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

ልጁ ደንዝዟል፣ ደጋግሞ ያስታውካል፣ መንቃት አቅቶታል? ያገኛችሁትን ሲቲ ዛሬውኑ። እየተራመደና እየተጫወተ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ሲቲ ላይ ሳታባክኑ በቀጥታ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተወግቶ የሚነሣ ኤምአርአይ ብታደርጉ ይሻላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ያለ እሱ ዕጢ ለማውጣት ስለማይደፍር ሲቲው ተነሥቶም ኤምአርአይ መታዘዙ አይቀርም። ስታስነሡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጭንቅላቱን ብቻ ነው ወይስ ጀርባውንም? ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው ክፉ ዕጢ በአንጎል ፈሳሽ ተሸክሞ ወደ ህብለ ሰረሰር ይወርዳል። ጀርባው ከቀዶ ሕክምና በፊት ካልተነሣ፣ በኋላ የፈሰሰው ደም ምስሉን ያደናግራል። ይህ ለወረቀት ሥራ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዕጢው በሚገባ ከወጣና ወደ ጀርባ ካልወረደ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አንጎልና ጀርባው የሚወስደው የተለመደ ጨረር 23.4 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ነው፣ ከወረደ 36 ይሆናል።

የጽሑፉን ውጤት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ምስሉን በሲዲ ጠይቁ። ጽሑፉን ብቻ ይዞ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው እንደገና ከፍሎ እንዲያስነሣ ተገዷል። ሌላው፣ የአንጎል ግፊት እያለ ከወገብ ፈሳሽ መውሰድ አንጎልን ወደ ታች ሊገፋ ስለሚችል፣ ምስል ሳይታይ «የጀርባ ውኃ ይወሰድ» ከተባለ ምክንያቱን ጠይቁ።

ውኃው፦ ሻንት፣ ቀዳዳ ወይስ መጠበቅ?

ከማጅራት በኩል ያለ ዕጢ የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ ሲዘጋው ውኃው ወደ ኋላ ይከማቻል። ልጆችን ቶሎ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ውኃ ነው፤ ዕጢው ራሱ ቀስ ይላል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ የምነግራችሁ ምርጫ ይህ ነው።

ዕጢውን የሚያወጣው ቡድን በቀናት ውስጥ ልጁን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት ከቻለ፣ በዴክሳሜታሶን እብጠቱን አስታግሶ በቀጥታ ዕጢውን ማውጣት ይቻላል። ካስፈለገ ውኃው በጊዜያዊ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ዕጢው ሲወጣ መንገዱ ይከፈትና አብዛኞቹ ልጆች ሌላ ነገር አይፈልጉም፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ቋሚ መፍትሔ ይፈልጋል። ወረፋው ሳምንታት ከሆነ ግን መጠበቅ አማራጭ አይደለም፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ሻንት ወይም ቀዳዳ፣ መሠራት አለበት።

ሻንት ከአንጎል ተነሥቶ በቆዳ ሥር አልፎ ሆድ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። በመሃሉ ፈሳሹን የሚለካ መዝጊያ አለው። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም፣ በየትኛውም ዕድሜ ይሠራል፣ ውኃው የመጣበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን ይጠቅማል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይዘጋል፤ ከሦስት ሻንቶች አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻል። ያመረቅዛል፤ ይህም በብዛት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሲዘጋ ልጁ እንደገና ያስታውካል፣ ይደነዝዛል፤ ያን ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ፣ ሻንት የሚቀይር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እንግዲህ ቤታችሁ ደቅ ከሆነ፣ ማታ ማዕበል ካለ፣ ጀልባውም የሚነሣው ጠዋት ከሆነ? ይህን የምጠይቀው ለማስፈራራት አይደለም። ሻንት የሚገባለት የገጠር ልጅ ቤተሰብ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ማረፍ ይችል እንደሆነ አስቡበት እላለሁ።

ሁለተኛው በካሜራ ገብቶ በአንጎል ውስጥ ሦስተኛው ክፍል ወለል ላይ ቀዳዳ መክፈት ነው፤ ሐኪሞች ኢቲቪ ይሉታል። ቱቦ የለውም፤ ስለዚህ የሚዘጋ ወይም የሚያመረቅዝ ባዕድ ነገር አይኖርም። ለዕጢ ሲሆን ጥሩ ይሠራል፣ በተለይ ከአንድ ዓመት በላይ ላሉ ልጆች። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የመሳካት ዕድሉ በጣም ይወርዳል። የማይሳካ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታወቃል፤ አልፎ አልፎ ግን ከዓመታት በኋላም ሊዘጋ ስለሚችል ምልክቶቹን አትርሱ። የሚያስፈልገው መሣሪያና የሰለጠነ እጅ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያለፈ፣ ከሆስፒታል ራቅ ብሎ ለሚኖር፣ በማጅራት በኩል ዕጢ ላለበት ልጅ እኔ ብመርጥ ይህን ነው የምመርጠው፤ ለዚህ ሲባል አንድ ከተማ ማለፍ ቢያስፈልግም።

ሻንት የግድ ከሆነ ዋጋው ላይ አትጨነቁ። ምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ ባለው የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ርካሹን የሕንድ ቻብራ ሻንት ውድ ከሆነው ጋር አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ውጤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አላሳየም። «ጥሩው ከውጭ ይምጣ» ብሎ ሳምንት መጠበቅ ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም። የመዝጊያውን ዓይነት ግን አጽፉ፤ አንዳንዶቹ ኤምአርአይ ሲነሡ ልካቸው ይዛባል።

ዕጢውን በሙሉ፣ በከፊል ወይስ ናሙና ብቻ?

እዚህ የሚወስነው የዕጢው ዓይነትና ቦታ ነው። የንዑስ አንጎል ፒሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ ዝግተኛ ነው፤ በሙሉ ከወጣ አብዛኞቹ ልጆች ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት) ጨረርም ሳይነካቸው ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የልጆች ካንሰር እንቅስቃሴ ትኩረት ከሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች አንዱ ይህ ዝግተኛ የአንጎል ዕጢ ወገን ነው። ኢፔንዲሞማ የሚባለው ሌላ ዕጢም በተቻለ መጠን በሙሉ መውጣት አለበት። ሜዱሎብላስቶማ ደግሞ የሚቻለው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሌላ ሕክምና የግድ ይከተለዋል።

ሜዱሎብላስቶማ ከወጣላቸው ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ንግግር ያቆማል። ሲነቃ «እማዬ» ያለ ልጅ በማግስቱ ዝም ይላል፣ ይነጫነጫል፣ እግሩ ይልፈሰፈሳል። ቤተሰብ ቡዳ ነው ብሎ ልጁን ይዞ ሊወጣ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህ የታወቀ የቀዶ ሕክምናው ውጤት ነው። ንግግሩ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ቅሪት ይተዋል። ከመፈረማችሁ በፊት ቀዶ ሐኪሙ ይህን እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

ክራኒዮፋሪንጂዮማ የሚባለው ደግሞ የሰውነትን ሆርሞኖች ከሚያዝዘው ጤነኛ እጢ (ፒቱታሪ) አጠገብ ይበቅላል። ክፉ አይደለም፣ ቦታው ግን ክፉ ነው። በሙሉ ልቅም ተደርጎ ከወጣ ልጁ ዕድሜ ልኩን በሆርሞን መድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮርቲዞን ልጁ በታመመ ቀን መጠኑ መጨመር አለበት፣ ሽንት የሚይዝለት መድኃኒትም ማለቅ የለበትም። ከፊሉ ወጥቶ ቀሪው በጨረር ሲታከም ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድሉ የሚቀራረብ ሲሆን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በየወሩ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚፈለግበት ቤተሰብ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቢላ የማይፈልጉም አሉ። በአንጎል መሃል የሚገኙ አንዳንድ ዕጢዎች ኤኤፍፒ እና ኤችሲጂ በሚባሉ የደም ምርመራዎች ስለሚታወቁ ናሙና ሳይወሰድ ሕክምናቸው ይጀመራል። ቆዳው ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ የቡና መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ያሉበት ልጅ የዓይን ነርቭ ዕጢ ሲገኝበት፣ እይታው እስካልቀነሰ ድረስ በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል።

በአንጎል ግንድ ውስጥ ተሰራጭቶ የሚገኘው ግን አይወጣም። የሚረዳው ጨረር ነው፤ እሱም ለወራት መራመዱንና መዋጡን ይመልስለታል እንጂ አያድነውም። አብዛኞቹ ልጆች ከአንድ ዓመት ብዙ አያልፉም። ምርጫው እንግዲህ እነዚያን ወራት ለመግዛት ሳምንታትን አዲስ አበባ ማሳለፍ ወይም በሚዋጥ ሞርፊንና በዴክሳሜታሶን ሕመሙን እያስታገሱ ቤት መሆን ነው። ሁለቱንም የመረጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ አንዳቸውንም አልወቅስም። ለዚህ ልጅ ብሎ ከብቱን ሸጦ ውጭ አገር የሚሄድን ሰው ግን ቁጭ ብዬ ላናግረው እወዳለሁ።

ጨረርና ኬሞ

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የአንጎል ጨረር በተቻለ መጠን ይዘገያል፤ እያደገ ያለውን አንጎል ስለሚጎዳ ትምህርት መቀበሉን፣ ቁመቱንና ሆርሞኑን ይቀንስበታል። በእነዚያ ዓመታት ኬሞ ጊዜ ይገዛል። ከዚያ በላይ ለሆነ የሜዱሎብላስቶማ ልጅ ጨረሩን በኬሞ መተካት አይቻልም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሰባት ሳምንት በላይ ባይዘገይ ይመረጣል። ስለዚህ የጨረር ወረፋ የሚያዘው ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታሰብ ነው። ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ ጆሮ ሊያደነቁር ስለሚችል መስማቱ ከመጀመሩ በፊት ይለካ።

የጨረር ሕክምና በአገራችን የተጀመረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፣ ብዙ ሰውም እስካሁን የሚላከው ወደዚያ ነው። ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ማለት የመኝታ፣ የምግብ፣ ያረፈ የእርሻ ሥራና ቤት የቀሩ ሌሎች ልጆች ማለት ነው። በድሃ አገሮች ልጆች ከካንሰር የማይድኑበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የጀመሩትን ሕክምና አቋርጠው መጥፋታቸው ነው። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትና የማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ለሩቅ ሰው ማረፊያ በመስጠት ይታወቃሉ። ሪፈር ከመጻፉ በፊት የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲደውልላችሁ ጠይቁ።

ህብለ ሰረሰር

ከአንጎል ይልቅ ብርቅ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ የጀርባ መጣመም፣ የእግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር የጀመረ ልጅ እንደገና ሲያመልጠው ምልክቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ የአከርካሪ ቲቢም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርግ ሁለቱን የሚለየው ኤምአርአይ ነው፤ ሲቲ ህብለ ሰረሰሩን ራሱን በደንብ አያሳይም፣ ራጅ ጭራሽ። እዚህ ንጽጽር የለም። መራመድ ያቆመ ልጅ የመመለስ ዕድሉ በቆየበት ሰዓት ልክ ስለሚቀንስ፣ እግሩ እየዛለ ያለ ልጅ ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልገው።

ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይስ ውጭ?

ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሩቅ ሰው ሳይሆኑ የቤታችን ሆስፒታሎች ናቸው፤ ግፊቱ መረጋጋት ያለበት፣ ምስሉም መነሣት ያለበት እዚህ ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪም ተረኛ መሆኑን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚተኛበት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን አልጋ መኖሩንና ናሙናው በስንት ቀን እንደሚነበብ ጠይቁ። በከተማ ኩራት ወይም ንቀት ሳይሆን በዚህ ወስኑ፤ ሦስቱም ከተሟሉ እዚሁ ቆዩ። ጎንደር በአስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐይቁ ሰሜን ላለ ሰው፣ ለጎርጎራም ለደንቢያም፣ ከባሕር ዳር ይቀርባል። አዲስ አበባ ደግሞ ጨረሩም፣ የልጆች ካንሰር ሐኪሞቹም፣ ብዙ ዕጢ ያወጡ ቀዶ ሐኪሞችም ያሉበት ነው። ሜዱሎብላስቶማ ከተጠረጠረ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ቢሠራ ስለሚሻል ወደዚያ አደላለሁ።

የተደነዘዘን ልጅ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ አታሻግሩት፤ መጀመሪያ ግፊቱ ይቀነስ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጭንቅላት ውስጥ አየር ሊቀር ስለሚችል በአውሮፕላን የምትመለሱበትን ቀን ቀዶ ሐኪሙ ይቁረጥላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን በደረጃው አስጽፉ፤ ጤና ጣቢያውን ዘሎ የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ውጭ አገርን በተመለከተ፣ የልጁ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ በየመንገዱ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ሰውም አይሰስትም። ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ይበቃና ለጨረሩ አይበቃም። በሙሉ ሊወጣ ለሚችል ዝግተኛ ዕጢ፣ አገር ውስጥ የሚያወጣው ሐኪም በጊዜ ካልተገኘ፣ መሄዱ ትርጉም አለው። ከሄዳችሁ የሕክምና ቦርድ ወረቀት ቀድማችሁ ጀምሩ። ስትመለሱ ደግሞ ከሕክምና ማስረጃው ጋር የፓቶሎጂውን ብሎክ፣ ያ ናሙናው የተቀመጠበትን ትንሽ የሰም ቁራጭ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዕጢው ቢመለስ እዚህ ያለው ሐኪም እንደገና የሚያነበው እሱን ነው።